አንድ መስመር ለሮማ ፈረሶች

ጋሽ ክፍሎም ያረፉ ዕለት እኔ ዴንቨር ኤርፖርት፣ ኮንኮርስ ቢ ላይ መቶ ኪሎ የምትሆን ፈረንጅ በዊልቸር እየገፋሁ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሳት ያስባርራል፤ አነሳሁት። ሙሉጌታ ነው። ሙሉጌታ ኤርፖርት ላይ የዊልቸር ገፊዎች ዲስፓቸር ነው፤ ማን ወደ የትኛው ጌት እንደሚሄድ የሚያዘው እሱ ነው። በዚያ ላይ የዕድራችን ጸሐፊ ነው። ስለዚህ ሲደውል ወይ ሰው ልታደርሺ ነው፣ ወይ ሰው ልትቀብሪ ነው።

«የት ነሽ?»

«ሴትዮ ላደርስ ነው።»

«ካደረስሻት በኋላ ቁጭ በይ።»

«አሁኑኑ ንገረኝ።»

«ጋሽ ክፍሎም አረፉ። ዛሬ ጠዋት፣ እዚያው ሆስፒታል።»

ሴትዮዋን ጌቷ ላይ አደረስኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እያለቀስሽ ነው?» አለችኝ። «አለርጂ ነው» አልኳት። ዴንቨር ውስጥ ሁሉም ነገር አለርጂ ነው።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሙሉጌታ ደግሞ ደወለ።

«የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ጻፊ። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ይነበባል።»

«ለምን እኔ?»

«እዚህ ዘመድ የላቸውም። ሺፍቱን ሙሉ የሚያወሩት ካንቺ ጋር ነበር። አማርኛሽም እንደ ሌሎቹ ልጆች አልሞተም።»

«ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«ተወለዱ፣ አደጉ፣ ተማሩ፣ ሠሩ፣ አረፉ። አንድ ገጽ። እና እባክሽን…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺን የሮማዋን ነገር ተያት። ቤተ ክርስቲያን ነው።»

ያቺን የሮማዋን ነገር ብተዋት ከጋሽ ክፍሎም የሚቀረው አንድ ግራጫ ኮት ነው።

የተወለዱት አስመራ ነው። የተማሩትም እዚያው በአማርኛ ነው፤ አማርኛቸው ከኔ ሦስት እጥፍ የጠራ ነበር፣ ይሄንንም ሳያስታውሱኝ አይውሉም ነበር። አባታቸው ባለጋሪ ነበሩ፣ ባለ ሁለት ፈረስ። ልጁ ክፍሎም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጋጣ ይጠርጋል። ከዚያ ጦርነት፤ ከዚያ ሱዳን፤ ከሱዳን ሊቢያ። ሊቢያ በረሃ ውስጥ የሮማ ወታደሮች ሰፈር ፍርስራሽ የሚቆፍሩ ፈረንጆች ነበሩ፤ ጉልበት ያለው ሰው ሲፈልጉ እሳቸውን ቀጠሯቸው። አራት ክረምት ቆፈሩ። ከዚያ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ፣ ኤርፖርት፣ ዊልቸር።

እኔ በስምንት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት። እሳቸው ሲያወሩት ግን ሌላውን ስድሳ ዓመት በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱትና አራቱን ክረምት ሲያወሩ ሺፍት ያልቃል። ብሬክ ሩም ውስጥ ኤርትራውያኑ «ይሄ ሰው አማርኛ ያበዛል» ይሏቸዋል፤ የኛዎቹ ደግሞ «ኤርትራዊ ናቸው» ይላሉ። የማን እንደሆኑ ሲጠየቁ «እኔ ለሮማ ነው የሠራሁት» ነበር መልሳቸው። ሙሉጌታ «ሴናተር» ይላቸዋል። «ሴናተር፣ ጌት አርባ ሁለት ላይ አንድ አሮጊት አለች፤ ሠራዊት ይዘው ይሂዱ።» እሳቸው አይናደዱም። ተነስተው ኮታቸውን ይቆልፋሉ። «አሮጊቷ ብቻዋን ከሆነች ሠራዊት አያስፈልግም» ብለው ይሄዳሉ።

እኔን ያሠለጠኑኝ እሳቸው ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሃይስኩል ጨርሼ፣ እናቴ የነርስ ረዳት ኮርስ ግቢ ስትል እምቢ ብዬ፣ ከሰው ገላ ይልቅ ጎማ ይሻላል ብዬ ነው ኤርፖርት የገባሁት። ጋሽ ክፍሎም ባዶ ዊልቸር ሰጡኝና «ግፊ» አሉ።

«መግፋት ምን ሥልጠና ያስፈልገዋል?»

«ወለሉን እይው።»

አየሁት። ምንጣፍ ነው። ግራጫ።

«ምን ይታይሻል?»

«ቆሻሻ።»

ቁጢጥ አሉ። ስድሳ ያለፈው ሰው፣ መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ በግራ በቀኝ ሲያልፋቸው፣ ኮንኮርስ መሃል ቁጢጥ። «እዚህ ጋ ሳስቷል፤ ጎማ ሁሉ የሚታጠፈው እዚህ ነው። ወዴት? ወደ ቀኝ። ቀኝ ምን አለ? ሽንት ቤት። ስለዚህ አሮጊት ስትገፊ እዚህ ስትደርሺ ቀስ በይና ጠይቂያት። ራሷ አትነግርሽም፤ ታፍራለች። ወለል ግን አይዋሽም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያች ጋ ስደርስ እጠይቃለሁ። ከአሥሩ ስምንቱ አዎ ይሉኛል።

አጠራረጋቸውም ሌላ ነበር፤ ብሬክ ሩሙን ሲጠርጉ እንደ ሰው አያግበሰብሱም። ከአንድ ጥግ ጀምረው በመስመር በመስመር ይጠርጋሉ፣ የጠረጉትን ዘርግተው ያዩታል፣ ከዚያ ነው የሚጥሉት። የሙሉጌታን የጠፋ የጋብቻ ቀለበት ያገኙት በዚህ ዓይነት ነው። ለሙሉጌታ ሲሰጡት «ከቺፕስ ፍርፋሪ በታች፣ ከገና ጌጥ ብልጭልጭ በላይ ነበር። ስለዚህ የጠፋብህ ከገና በኋላ ነው። ለሚስትህ ግን ኅዳር ነው ያልካት» አሉት። ሙሉጌታ ለአንድ ወር ሴናተር አላላቸውም።

መኖሪያቸው ኦሮራ፣ ከኛ አፓርታማ ፊት ለፊት ነበር። ከሁለት ታክሲ ነጂዎች ጋር ምድር ቤት ይኖራሉ። እናቴ ምግብ ስትልክላቸው የማደርሰው እኔ ነኝ። አንድ እሑድ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸውና ምን እንደሚያዩ ጠየቅኳቸው።

«የወታደር ሰፈር» አሉ።

«የታለ?»

«ይኸው። ረጅም ቤት፣ እንደ ባቡር ፉርጎ የተቀጣጠለ። በግድግዳ እየተከፈለ ክፍል ክፍል ሆኗል። ጫፍ ላይ ሰፋ ያለው ቤት የማን ነው?»

«የማናጀሩ።»

«የሮማም እንዲሁ ነው። ጫፍ ላይ ያለው የመቶ አለቃው ቤት ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ ሻወሩ የሚሞቅለት ጫፍ ላይ ያለው ሰውዬ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማናጀሩን «መቶ አለቃ» አልነው። እሱ ማዕረግ የሰጠነው መስሎት በጣም ደስ ይለው ነበር።

«የፈረሰኞቹ ሰፈር ሲሆን ደግሞ» አሉ ጋሽ ክፍሎም፣ «እያንዳንዱ ቤት ሁለት ክፍል አለው። ከኋላ ሦስት ሰው ይተኛል። ከፊት፣ ከግድግዳው ወዲህ፣ ሦስት ፈረስ ይቆማል።» እጃቸውን ወደ ፓርኪንጉ ዘረጉ። የሁለቱ ታክሲና የሳቸው አሮጌ መኪና ከመስኮታቸው ስር ጎን ለጎን ፓርክ ተደርገዋል። ከሦስቱም ስር ዘይት ተንጠባጥቦ አስፋልቱ ጠቁሯል። «ያው ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት ፈረስ። ሽንቱም ያው።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመጣው።

ሊቢያ ውስጥ ሲቆፍሩ የፊተኛው ክፍል ወለል ላይ፣ በየቤቱ፣ ረዘም ያለ ጉድጓድ አገኙ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኖበታል፣ ውስጡ ያለው አፈር ቀለሙ ተለውጧል። አለቆቹ ተከራከሩ። አንዱ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው አለ፤ ሌላው የእህል ነው አለ። ጋሽ ክፍሎም አካፋቸውን ይዘው ቆመው ሲያዩት የአባታቸው ጋጣ ነው። ጉድጓዱ ያው፣ ቦታው ያው፣ ክዳኑ ያው። በነበረቻቸው ጣልያንኛና ዐረብኛ፣ የቀረውን በእጅ፣ «የፈረስ ሽንት ነው» አሉ። አለቃው ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። እያንዳንዷን ድንጋይ፣ እያንዳንዷን ሚስማር መዝገብ ላይ የሚጽፉ ሰዎች ይሄን አልጻፉትም።

«አንድ መስመር» ይሉኝ ነበር። «ተሳስቷል ብለው እንኳን አንድ መስመር ቢጽፉት።»

እኔ ታዲያ አምኛቸው ነበር? እውነቱን ልናገር፤ አላመንኳቸውም። ሊቢያ የነበረ ሰው ሁሉ አንድ ታሪክ አለው። ደስ ስለሚሉኝ ነው የማዳምጣቸው።

ሀበሻ ሁሉ ሚሊኒየም ሚሊኒየም በሚልበት ዓመት አንድ ቀን ጋሽ ክፍሎም ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ የተገነጠለ ወረቀት ይዘው መጡ። ጥግና ጥጉ ላይ ፕላስተሩ ገና አለ። ፎቶ አለው፤ ሜዳ ላይ በመስመር የተደረደረ የድንጋይ መሠረት። አንዲት ፕሮፌሰር ስለ ሮማ ወታደሮች ሰፈር በነጻ ትናገራለች፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኦሮራ፣ ብስኩትና ሻይ አለ ይላል።

«አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቃት» አሉ። «አንቺ ተርጉሚልኝ።»

መተርጎም ለኔ ሥራ አይደለም፤ ዕጣ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ያለበት ሰፈር ውስጥ የሰው ሁሉ ምላስ ልጁ ነው። ለእናቴ ባንክ ተርጉሜያለሁ፣ ለጎረቤት ማህፀን ሐኪም ፊት ተርጉሜያለሁ። ምን ይከብዳል ብዬ ሄድኩ።

ሱፍ ለብሰው መጡ። ከረባት አድርገዋል። የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ሽማግሌ ፈረንጆች አሉ፤ ጥቁር እኔና እሳቸው ብቻ። ፕሮፌሰሯ ቀጭን ናት፣ ደግ ፊት አላት። ስላይዷን ታሳያለች። አንዱ ላይ ስትደርስ ጋሽ ክፍሎም ክንዴን ጨበጡት። ሌላ አገር የተቆፈረ ሰፈር ነው፤ የፊተኛው ክፍል፣ መሃሉ ላይ ረዘም ያለ ጉድጓድ። ፕሮፌሰሯ ቀዩን መብራቷን ጉድጓዱ ላይ አደረገች።

«ምን አለች?»

«ውሃ ወይ እህል ያጠራቀሙበት ሳይሆን አይቀርም አለች። ገና አልተወሰነም አለች።»

«አልተወሰነም?» አሉ። ሰው እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

ጥያቄ ያለው ሲባል ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ። እንዲህ ነው ያሉት፤ ያኔ ስላልተናገርኩት ነው መሰለኝ እስካሁን አፌ ውስጥ አለ፦

«እመቤቴ፣ ይሄ ጉድጓድ ውሃም እህልም አይደለም። የፈረስ ሽንት ነው። አባቴ ባለጋሪ ነበር፤ ጋጣችን ውስጥ እንዲሁ ያለ ጉድጓድ ነበረ፣ የምጠርገው እኔ ነኝ። ፈረስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ይታሰራል። ወንዱ ከሆዱ ስር ይሸናል፣ ሴቷ ከኋላዋ። ለሁለቱም እንዲሆን ነው ጉድጓዱ የረዘመው። ድንጋይ የተከደነው ፈረሱ እግሩን እንዳይሰብር ነው። ከግድግዳው ወዲያ ወታደሮቹ ተኝተዋል። ተኝተው ፈረሳቸው ሲሸና ያዳምጣሉ። ካልሰሙ ይነሳሉ፤ ያልሸና ፈረስ ታሟል። ፈረሱ ከታመመ ባለቤቱም ነገ ይሞታል። ይሄን ሊቢያ ላይ ተናግሬ ተሳቀብኝ፤ አንድ መስመር አልተጻፈልኝም። እርስዎ ይጻፉልኝ።»

ይህን ሁሉ በአማርኛ ነው። በእጅም ጭምር። «ወንዱ ከሆዱ ስር» ሲሉ ሆዳቸውን አሳዩ። «ሴቷ ከኋላዋ» ሲሉ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሱፍ በከረባት፣ አሳዩ። ሠላሳው ሰው ዓይኑን ከሳቸው ወደ እኔ አዞረ።

እኔ ማለት ለሱፐርቫይዘሬ «አፍህ ይሸታል» ብዬ የጻፍኩ ሴት ነኝ። ግን ኦሮራ ሃይስኩል የገባሁ ዓመት አንዲት ልጅ ካፌቴሪያ ውስጥ «አገራችሁ ከከብት ጋር ነው አይደል የምትተኙት?» ብላኛለች፣ ጠረጴዛው ሙሉ ስቋል። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ሽቶ ሳልቀባ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ሰው ከፈረስ ሽንት አጠገብ ተኝቶ ነበር የሚል ነገር ከኔ አፍ፣ እነዚያ ሁሉ እያዩኝ፣ ሊወጣ አልቻለም። ሰበብ የምፈልግ እንዳይመስላችሁ። ፈራሁ ነው የምለው።

በእንግሊዝኛ «በጣም ጥሩ ንግግር ነበር፤ እሳቸውም ወጣት ሳሉ እንዲህ ያለ ቦታ ሠርተው ያውቃሉ፤ እናመሰግናለን ይላሉ» አልኩ።

ተጨበጨበ። ፕሮፌሰሯ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ምንኛ ድንቅ ነው አለች። አንዲት አሮጊት ለጋሽ ክፍሎም ብስኩት ሰጠቻቸው። ብስኩቱን ይዘው ቆሙ። ወደ ፕሮፌሰሯ እጅ አዩ። እጇ ላይ እስክሪብቶ የለም።

መኪና ውስጥ ገባን። ቁልፉን አስገብተው ሞተሩን ሳያስነሱ፣ «እኔ ስንት ደቂቃ ተናገርኩ?» አሉ።

«እኔንጃ። አምስት።»

«እርስዎስ?»

ወደ ኋላ ወንበር ዞርኩ። ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ነው።

«እርስዎ ስንት ደቂቃ ተናገሩ?» አሉኝ ደግመው፣ ዓይኔን እያዩ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው፣ ቀበቶዬን እንዳስር በትሕትና ጠይቀው፣ ቤቴ አደረሱኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ እንዴት ጥሩ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንቺ የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። ሊፍት ሲከፈት «ይቅደሙ» ይሉኛል። ብሬክ ሩም ስገባ ብድግ ይላሉ። ዊልቸሬን ሲያቀብሉኝ «እንዳይደክሙ» ይሉኛል። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አብረውን የሚገፉት ጺም ያላቸው የሱዳን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አማርኛ ባይገባቸውም አንድ ነገር መኖሩ ገባቸው።

«ምን ሹመት አግኝተሽ ነው?» አለኝ ሙሉጌታ። «ሴናተሩ እኔን እንኳን አንተ ነው የሚሉኝ።»

«አንተን ይወዱሃላ» አልኩት።

እናቴ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምን አድርገሻቸው ነው?» ነገርኳት። ሽንቱን ጭምር። ለሽንቱ ምንም አላለችም፤ የሰው ቃል መዋጤ ነው ያንገበገባት። «ድንጋይ ተሸክመሽ ሂጂ» አለችኝ።

«እማዬ፣ እዚህ ኮሎራዶ ነው።»

«ኮሎራዶ ድንጋይ የለውም? ተራራ አይደል እንዴ ያለነው?»

እንዲህ ያለ ይቅርታ ፊልም ላይ ብቻ ነው ያየሁት፤ ሰው ድንጋይ በጀርባው አድርጎ ደጅ ሲቆም። መንገዱን ተሻግሬ ከሳቸው ፓርኪንግ ጥግ፣ ከአበባው ዙሪያ ከተደረደሩት ድንጋዮች ትልቁን አነሳሁ። አንገቴ ላይ አደረግኩት። በራቸውን በእግሬ መታሁ፤ እጄ አይለቅማ። መቶ አለቃው በመስኮቱ ያየኛል። ንብረት ልሰርቅ ነው ወይስ ልመልስ ነው፣ አልገባውም።

ጋሽ ክፍሎም ከፈቱ። አዩኝ። ጎንበስ ብዬ «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ድንጋዩን ከአንገቴ ላይ በሁለት እጃቸው አነሱት። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እሳቸው ግን ወደ ብርሃን ወስደው እያገላበጡ ያዩት ጀመር።

«በማሽን የተቆረጠ ነው» አሉ። «ከየት አመጡት?»

«ከአበባው ጋ።»

«በየትኛው በኩል?»

«ምን ለውጥ አለው፣ ጋሽ ክፍሎም? ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ይመልሱት። ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ምንም አይናገርም።» መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በሩን ሳይዘጉ፣ «ድንጋይ አያስፈልገኝም፤ ይጻፉልኝ። ያልኩትን፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሴትዮዋ። አንድ መስመር ይበቃል» አሉ።

ማታውኑ ጻፍኩት ማለት በወደድኩ። የፕሮፌሰሯ አድራሻ ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ በተገነጠለው ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቱን መስተዋቴ ላይ ለጠፍኩት። በየቀኑ ፊቴን ስታጠብ አየዋለሁ። ነገ እላለሁ። ሺፍት ይደረባል፣ ጓደኛ ይደውላል፣ ነገ እላለሁ። ክረምቱ መጣ፣ በረዶው ወረደ፣ ወረቀቱ ተጠቀለለ። ጋሽ ክፍሎም አንድም ቀን ጻፉት ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ይቅደሙ ብቻ።

በመጨረሻ በኩላሊት ታመሙ። ሆስፒታል ሄድኩ። አልጋቸው ጎን ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ ነርሷ እየመጣች ጎንበስ ብላ ታየዋለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ጋሽ ክፍሎም በዓይናቸው እየተከተሏት ይስቃሉ። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውልቀዋል፤ ሳቃቸው የሕፃን ነበር።

«ይመለከታሉ?» አሉኝ። «የኔን ሽንት በየሰዓቱ ይጽፉታል። ለፈረሱ አንድ መስመር ከልክለው።»

ሳቅኩ። ከልቤ ነው የሳቅኩት። «አልጻፍኩም፣ ጋሽ ክፍሎም» አልኩ ሳላስበው። «ለሴትዮዋ። እስካሁን አልጻፍኩም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ቢጽፉት ኖሮ እየሮጡ መጥተው ይነግሩኝ ነበር።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ጽፌ አመጣልዎታለሁ። አነብልዎታለሁ።»

ወደ ከረጢቱ አዩ። እኔም አየሁ። ነርሷ ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስት ጊዜ ጽፋለች፤ ከረጢቱ ግን ባዶ ነበር። ያልሸና ፈረስ ምን እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ የምናውቀው እኔና እሳቸው ነን።

«ይሂዱ፣ ሺፍትዎ ደርሷል» አሉኝ።

ይሄ ማክሰኞ ነበር። ሐሙስ ሙሉጌታ ደወለ።

የሕይወት ታሪኩን ሐሙስ ማታ ጻፍኩ። ከመስተዋቱ ላይ የተጠቀለለውን ወረቀት አንስቼ፣ ከጀርባው ላይ። ዓርብ ኤርፖርት ላይ ለሙሉጌታ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ፣ ከዚያ ተቀምጦ አነበበ።

«ምን አልኩሽ?»

«ተወለዱ፣ አደጉ፣ ተማሩ፣ ሠሩ፣ አረፉ። ሁሉም አለ።»

«ሽንት አለ።»

«ሥራቸው ነው።»

«መቅደስ ፊት ሽንት አይባልም። የፈለግሽውን በይ፣ እርጥበት በይ፣ ቆሻሻ በይ። እናቶች ይኖራሉ። ቄሱ ይኖራሉ።»

«ሙሌ፣ ቀለበትህን ያገኘልህ ማን ነው?»

ወረቀቱን መለሰልኝ። «በራስሽ ኃላፊነት» አለ።

ቅዳሜ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ስሜ ተጠራ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ። ሣጥኑ ፊቴ ነው። ሁለቱ ታክሲ ነጂዎች ከፊት ተቀምጠዋል። እናቴ ከሴቶች በኩል፣ ሁለተኛ መስመር። ቄሱ ከጎኔ፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ከድነው።

አነበብኩ። ተወለዱ። አደጉ፤ ጋጣ ጠረጉ። ተማሩ። ተሰደዱ። ከዚያ ያቺ ቦታ ላይ ስደርስ ከወረቀቱ ቀና አልኩ። ያው የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ። ሙሉጌታ በሩ አጠገብ ቆሞ ራሱን በትንሹ፣ በትንሹ ይነቀንቃል፦ ዝለያት፣ ዝለያት።

«ሊቢያ በረሃ ውስጥ» አልኩ፣ «የሮማ ፈረሰኞች ሰፈር ሲቆፈር፣ የፊተኛው ክፍል ጉድጓድ የፈረስ ሽንት መሆኑን ያወቁት አቶ ክፍሎም ናቸው። ወንዱ ከሆዱ ስር፣ ሴቷ ከኋላዋ ስለምትሸና ነው ጉድጓዱ የረዘመው። ወታደሮቹ ከግድግዳው ወዲያ ተኝተው ያዳምጡ ነበር። ይሄን ሲናገሩ ተስቆባቸዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንድናገርላቸው ጠይቀውኝ እኔ አፍሬ ሳልናገር ቀርቻለሁ። አሁን ተናግሬያለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ በለቅሶ ይሁን በሳቅ አላውቅም፤ ኋላ ስጠይቃት እሷም አላወቀችም። ከታክሲ ነጂዎቹ አንዱ «ነገሩኝ ነበር» አለ ለጓደኛው፣ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ረስቶ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። የቀረውን አንብቤ ጨረስኩ።

ቄሱ ዓይናቸውን ገለጡ። አሁን ነው የምወገዘው ብዬ ቆምኩ። ጎጃም ገጠር ያደጉ ሰው ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ መስቀላቸውን ሳያሳልሙኝ በፊት፣ «በቅሎም እንዲሁ ናት» አሉኝ።

ከቀብር መልስ ዝክሩ ላይ ሙሉጌታ መጣ። በዕድሩ ደንብ የተነበበ የሕይወት ታሪክ ሁሉ ፋይል ይደረጋል፤ ፋይሉ ሞንትቤሎ ሰፈር፣ የሙሉጌታ ጋራዥ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ጎማዎቹ ስር ነው። ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ፣ ያቺን መስመር ደግሞ አያት።

«ቢያንስ ለፋይሉ ንጹሕ ኮፒ ጻፊ» አለ። «ሰው የሰማውን ይረሳል። ፋይል ግን ይቀመጣል።»

«ለዚያ ነው» አልኩት።

መታው። ሰማያዊው ክብ በቀጥታ «ሽንት» የሚለው ላይ አረፈ።

ለፕሮፌሰሯም በእንግሊዝኛ ልኬላታለሁ፣ አንድ ቃል ሳልዘል። እስካሁን አልመለሰችም፤ ምናልባት አፍንጫዋን ይዛ እያሰበችበት ይሆናል። ድንጋዩን አበባው ጋ መልሼዋለሁ፣ በየትኛው በኩል እንደነበረ ግን ረስቻለሁ። የጋሽ ክፍሎም መኪና ተጎትቶ ሄዷል። ከመስኮቱ ስር ሦስት የዘይት ጥቁረት ጎን ለጎን አሁንም አለ። መቶ አለቃው ሁለት ጊዜ በሳሙና ሊያስጠርገው ሞክሮ አልለቀቀለትም። አንድ ቀን ኦሮራን ቆፍሮ ውሃ ነው የሚል አዋቂ ቢመጣ፣ መልሱ ሞንትቤሎ ጋራዥ ውስጥ አለ፤ ጎማዎቹን አንስቶ ይፈልግ።